ሁለት ሽንብራ የጎደለበት አበቅቴ

ፈሪ ሰው የጾም ቀን ማስላት የለበትም። ይህን የምለው ፈሪ ስለሆንኩና ዕድሜዬን ሙሉ የጾም ቀን ሳሰላ ስለኖርኩ ነው። ፈሪነቴን አልደብቅም። ጅብ ሲጮህ እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ የት ደረሰ ብዬ የባሰ እፈራለሁ። መብረቅ እፈራለሁ፣ በቅሎ እፈራለሁ፣ የሚስቴን ወንድሞች እፈራለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጅራፍ እፈራለሁ። አሁን በማጫውታችሁ ነገር ውስጥ ጅብም መብረቅም የለም። በቅሎና ጅራፍ ግን አሉ፤ ስለዚህ ገና ከመጀመሬ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ይቅር በሉኝ።

ያን ጊዜ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከሰፈሩ ገና ብዙ አልቆዩም። ተራራው ሁሉ ድንኳንና ጎጆ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ጭሱና ጉሙ ተደባልቆ የጎረቤት ደጃፍ እንኳ አይታይም ነበር። እኔ ከማርያም ዝቅ ብሎ፣ ጥዱ ሳሳ በሚልበት ዳገት ላይ ጎጆ ቀልሼ ባሕረ ሐሳብ አስተምራለሁ። ባሕረ ሐሳብ በዓላቱና አጽዋማቱ በየዓመቱ መቼ እንደሚውሉ የሚሰላበት ትምህርት ነው። እኔ ዘንድ የሚመጣው ተማሪ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን አይደለም። ዜማውን ዘልቆ፣ ቅኔውን ተቀኝቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ አንዳንዱም ሽበት ጀምሮት የሚመጣ ሰው ነው። ሁሉን ጨርሶ የቀረው ቁጥር ብቻ ነው። እንግዲህ ያ በቅኔ ጉባኤ ማንም የማይደፍረው ሰውዬ ቁጥር ፊት ሲቀርብ ላብ ላብ ይለዋል፤ ትንሽ ሰንብቶም "አጎቴ ሞቱ" ብሎ ይሄዳል። አንዱማ በአንድ ክረምት ስንት አጎት እንደቀበረብኝ ቆጥሬ አልጨረስኩትም፤ ቁጥር አስተማሪ መሆኔን ልብ በሉ።

ነገሩ ከነከነኝ። ለምን ይሸሻሉ? ትምህርቱ ነው የከበደው ወይስ ማስተማሩ ነው የከፋው? ከኔ በፊት የነበሩት መምህራን ይህን ጠይቀው እንደሆነ አላውቅም፤ እነሱ የሸሸውን ተማሪ በዱላ ነበር የሚመልሱት። እኔ ዱላ ማንሣትም ስለምፈራ ጥናት ጀመርኩ። ተማሪዎቼን በየተራ እያስቀመጥኩ "አበቅቴ ምንድን ነው?" አልኳቸው። ሁሉም በሚያምር ድምፅ አዜሙልኝ፦ "የዓመቱን ወንበር በአሥራ አንድ አባዛ፣ ሠላሳ ሠላሳውን አውጣ፣ የተረፈው አበቅቴ ነው።" "እሺ፣ የተረፈው ከምን የተረፈ ነው?" ስል ግን ዜማው አለቀ። አንዱ አበቅቴ የጻድቅ ስም ነው አለኝ። ሌላው በግብፅ በኩል ያለ አገር ነው አለ። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ቀን እየተጠራቀመ መጥቶ ነው ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያ ሰሞን እህል አልበላ አለኝ። ለካ እኔ ቁጥር ሳይሆን ዘፈን ሳስተምር ነው የኖርኩት።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ለሁለት ከፈልኳቸው። ግማሾቹ እንደ ወትሮው በዜማ ይማሩ፤ ግማሾቹ ደግሞ ቁጥሩን በእጃቸው እየነኩ፣ እየከመሩና እያነሡ ይማሩ። ከዚያ ሁለቱም ወገን የዘንድሮን ነነዌ ያውጣ። ጾመ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ ቢያበቃም ቀኑ ግን በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሁዳዴም ፋሲካም ከሱ ተነሥተው ተቆጥረው ነው የሚገኙት። ጥናቱ እንዳይበላሽብኝም ሁሉንም ሰብስቤ፣ "ያገኛችሁትን ቀን በልባችሁ ያዙ። ጾሙ እስኪደርስ አልሰማም፣ አላርምም፣ ትክክል ናችሁም ተሳስታችኋልም አልልም" ብዬ ማልኩ። መሐላዬን ስጨርስ ራሴን እንደ ትልቅ ሊቅ ቆጥሬ ነበር።

የሚነካ ቁጥር ከየት ይምጣ? ጠጠር እንዳላደርገው ፈራሁ። ጠጠር በትኖ የሚቆጥር ሰው ጠንቋይ ነው ይባላል፤ በማግስቱ በቅሎ የጠፋበት ሁሉ ደጄ ይሰለፋል። ስለዚህ ሚስቴን ዘነበችን ሽንብራ ለመንኳት።

"ምን ሊያደርግልዎ?" አለች።

"ለትምህርት።"

"ደግሞ ሽንብራ ማስተማር ጀመሩ?" ብላ ሳቀችና አንድ ቁና ሙሉ ሰጠችኝ። ሩኅሩኅ ሴት ናት። ለተማሪዎቼ አዝና ቆልታ፣ ጨውም ነስንሳበት ነበር የሰጠችኝ። እኔ ያን አይቼ ምንም አልጠረጠርኩም። ቁርስ ባልቀመሰ የቆሎ ተማሪ ፊት ጨው የነካው ትኩስ ቆሎ አስቀምጬ "ቁጠር፣ እንዳትበላ ግን" አልኩት። እንግዲህ ብልኀቴን ተመልከቱልኝ።

የሽንብራው ወገን አለቃ ክንፉ ይባላል። ከጎጃም በእግሩ የመጣ፣ ቁመቱ በጎጆዬ በር የማይገባ፣ ሆዱ ሁልጊዜ የሚያጉረመርም ሰው ነው። በዜማ ሳስተምረው አፉን ከፍቶ ሰማዩን ሲያይ የነበረው ክንፉ፣ ሽንብራውን በአሥራ አንድ በአሥራ አንድ ሲከምር ዓይኑ በራ። "የኔታ! ለካ እውነተኛ ነገር ነው! ለካ የሚቆጠር ነገር ነው!" ብሎ ጮኸ። እኔም ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጥናቴ ፍሬ አፈራ አልኩ። ክንፉ ሲያወራ ጉንጩ ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀስ እንደነበር ያስታወስኩት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ረስቼ ነበር። ተማሪ ለምኖ አዳሪ ነው። በየደጃፉ ቆሞ በማርያም ስም ሲለምን ባለቤቱ እንጀራውን ይዞ ይወጣና በዚያው "ለመሆኑ ጾሙ መቼ ይገባል?" ብሎ ይጠይቃል። ተማሪውም ይናገራል፤ ለእንጀራው የሚመልሰው ሌላ ምን አለው? በመስከረም በቤተ ክርስቲያን የተነገረውን ቀን በጥር የሚያስታውስ ሰው እንደሆነ የለም። የዜማዎቹ ተማሪዎች የሚለምኑት ወደ ላይ፣ በንጉሡ ሰፈር በኩል ነው። የሽንብራዎቹ ቁልቁል ወደ የካ ይወርዳሉ። ቀኑን በልባችሁ ያዙ ያልኳቸው ለኔ እንዳይነግሩኝ እንጂ እንጀራ ለሚሰጣቸው እንዳይነግሩ አልነበረም።

ጥር አሥራ ሰባት ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጋሻ ያነገተ ሰው በበቅሎ ደጄ መጣ። የፊታውራሪ ወልደ ትንሣኤ አሽከር ነው። እኚህ ፊታውራሪ በየካ በኩል የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገቱን ወጥተው አይሳለሙም፤ የንስሐ አባታቸው ቤታቸው ድረስ ሄደው ነው ጸሎት የሚያሳርጉላቸው። የንስሐ አባታቸው ደግሞ ሐሳብ ከሚያሰሉ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ቢሸከሙ የሚመርጡ ናቸው። ፊታውራሪ በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ ጾም ባለማፍረሳቸውና ከራስጌያቸው በማይለይ ጅራፋቸው። ስለ ሁለተኛው የሰማሁት ብዙ ነው፤ አልዘረዝረውም።

"የኔታ፣ ፊታውራሪ ልከውኝ ነው" አለ ሰውየው። "አስተርዮ ማርያም ረቡዕ፣ በጾም ቀን ስለምትውል በዋዜማው፣ የፊታችን ማክሰኞ፣ ስለት አላቸውና አምስት በሬ ይጥላሉ። ከነተማሪዎችዎ ይምጡልኝ ብለዋል።"

"ማክሰኞ?" አልኩ። "ማክሰኞማ ጾም ነው። ነነዌ ሰኞ ይገባል እኮ።"

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። "የኔታ ሲቀልዱ! ነነዌ የሰኞ ሳምንት አይደለም እንዴ? ጥር ሃያ ስድስት። የርስዎ ተማሪ ያ ረጅሙ ነው የነገረን። ፊታውራሪም የአስተርዮ ዋዜማ ዘንድሮ ከጾም አመለጠ ብለው እንዴት ደስ እንዳላቸው! ለየካ ሰው ሁሉ ጥሪ ሄዷል።"

በዚያች ደቂቃ አንድ ደፋር ሰው ቢሆን ኖሮ "ተሳስታችኋል፣ ጾሙ ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው፣ ሮጠህ ንገር" ባለ ነበር። እኔ ግን የሰውየውን ጋሻ አየሁ፣ በቅሎዋን አየሁ፣ በቅሎዋም አየችኝ፤ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እመጣለሁ በሉልኝ" አልኩት። እጅ ነሥቶኝ ሄደ።

ክንፉን ጠራሁት። "ያን ዕለት እንዳደረግኸው አድርገህ አሳየኝ" አልኩ። ተንበርክኮ ሽንብራውን ከመረ። የዓመቱ ወንበር፣ ማለት ከአሥራ ዘጠኙ ዓመት ዙር ያለፈው ዓመት ብዛት፣ አራት ነውና አራት ክምር፣ እያንዳንዱ አሥራ አንድ። ሠላሳውን አነሣ። የተረፈውን ቆጠረ፤ አሥራ አራት። ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም አሥራ አራት። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ያን ዕለት ስንት ነበር የተረፈህ?"

"አሥራ ሁለት" አለ ቀስ ብሎ።

"ሁለቱ የት ገቡ?"

ሆዱ መለሰልኝ። እሱ ግን "የኔታ፣ ያን ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር" አለ። "ሁለት ብቻ ናት። ሦስተኛዋን ከአፌ አውጥቼ መልሻታለሁ።"

እንግዲህ ለማታውቁት ላስረዳ። አበቅቴ ከሠላሳ ላይ ሲነሣ የሚቀረው መጥቅዕ ይባላል። አሥራ አራት ሲነሣ አሥራ ስድስት ይቀራል፤ መስከረም አሥራ ስድስት ማለት ነው፣ ዘንድሮ ሐሙስ የዋለው። ለሐሙስ ሦስት ይጨመራል፣ አሥራ ዘጠኝ ይሆናል፤ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ይገባልና ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ሰኞ። ክንፉ ግን ሁለቱን በልቶ አሥራ ስምንት ላይ አደረሰው፤ አሥራ ስምንት ቅዳሜ ነው፣ ለቅዳሜ ደግሞ የሚጨመረው ስምንት ነው፤ ሃያ ስድስት ሆነ። ጥር ሃያ ስድስትም ሰኞ ነው! የቀን ጭማሪው የተሠራው ምንጊዜም ሰኞ ላይ እንዲጥል ነውና ስህተቱ ምንም እድፍ ሳይታይበት አማረ። ማክሰኞ ላይ ቢወድቅ ኖሮ የፊታውራሪ የንስሐ አባት እንኳ በነቁ ነበር። ሁለት ሽንብራ ጾሙን አንድ ሳምንት ሙሉ ገፉት።

ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ሌላ ነው። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት ክንፉ ልክ ቢሆንስ? ምናልባት ዘንድሮ የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ? ጎጆዬ ገብቼ በቃል አሰላሁት፤ አሥራ ዘጠኝ። በጣት አሰላሁት፤ አሥራ ዘጠኝ። ጅራፉን እያሰብኩ አሰላሁትና ዓርብ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

ዘነበች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁሉንም ነገርኳት።

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይሂዱና ይንገሯቸው" አለች።

"ይገርፉኛላ።"

"ካልነገሯቸውስ?"

"የየካ ሰው በሙሉ በነነዌ ሥጋ ይበላል። የፊታውራሪ ስለትም ኃጢአት ሆኖ ይቀራል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ያውቁና ይገርፉኛል።"

"እንግዲያውስ በጊዜ ይገረፉና ይገላገሉ" አለችኝ። "በጾሙ ጀርባዎ ያርፍልዎታል።"

ክንፉን ልልከው ሞከርኩ። "የኔታ፣ እኔን ማን ያምነኛል? አንድ ጊዜ ሃያ ስድስት ብያቸዋለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ብቻዬን አልሄድም ብዬ ጎትቼ ይዤው ወጣሁ፤ ከጅራፉ ቢያንስ ግማሹ ለሱ ይድረስ ብዬ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤት በቅሎ ተውሼ ቁልቁል ወደ የካ ወረድኩ። በእግሬ ብሄድ ጉልበቴ አይሸከመኝም፣ በበቅሎ ብሄድ በቅሎዋን እፈራለሁ። በቅሎዋ ደግሞ የኔን ችግር አላወቀችልኝም፤ እያዘገየሁ ልሄደው ያሰብኩትን ቁልቁለት ሩጣ ጨረሰችው። በየመንገዱ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ ተቀበለኝ። አንዲት ሴት በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ "የኔታ፣ የአስተርዮን ዋዜማ ከጾም አስመለጡልን፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ" አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ወንዙ ዳር ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ልጆች "ማክሰኞ ሥጋ! ማክሰኞ ሥጋ!" እያሉ ከበቅሎዬ ኋላ ሮጡ። እኔን በዕድሜዬ እንዲህ የወደደኝ ሰፈር የለም። ይህ ሁሉ ሰው ነገ ምን እንደሚለኝ ሳስብ ሐሞቴ ፈሰሰ።

ከፊታውራሪ ግቢ ስንደርስ ዳሱ ተተክሏል፣ ጠጁ ተጥሏል፣ አምስቱ ሠንጋዎች በተርታ ታስረው ያመነዥካሉ። ቆጠርኳቸው። ስፈራ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ያገኘሁትን እቆጥራለሁ። ክንፉ ወደ ኋላ እያለ ከአጥሩ ጋር ተለጠፈ። እኔን እየመሩ ወደ ፊታውራሪ አስገቡኝ።

ፊታውራሪ በአልጋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ጅራፉ ከራስጌ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ዳስ ለተከሉት ሰዎች በግ ታርዶ አዳራሹ ውስጥ ገበታ ቀርቧል፤ እሑድ ስለሆነ ያም የተፈቀደ ነው።

"መምህር! ደግ አደረግህ መጣህ" አሉ። "ና ወዲህ ተቀመጥ፣ ከፊቴ።"

ከፊታቸው ተቀመጥኩ። "ጌታዬ፣ አንድ ነገር…" ብዬ አፌን ስከፍት ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ገባ። ፊታውራሪ በእጃቸው ነው ያጎረሱኝ። ጉርሻ ከትልቅ ሰው እጅ ሲመጣ አይመለስም፣ አይተፋምም፤ ታኝኮ ይዋጣል። አኘክሁ፣ ዋጥኩ።

"ጌታዬ፣ ስለ ጾሙ ነበር…"

ሁለተኛው ጉርሻ ገባ። ከፊተኛው ይበልጣል፤ አጥንትም አለበት። እንባዬ እስኪመጣ አኘክሁ።

"ነነዌ…" አልኩ፤ ሦስተኛው ገባ። በዙሪያው ያሉት ሰዎች "የኔታ ተወደዱ!" ብለው ሳቁ። እኔ ደግሞ እዚያው ልታነቅ ነው ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከመገረፍ መታነቅ ይሻል ይሆን ብዬም አስቤ ነበር። ፊታውራሪ አራተኛውን ሲጠቀልሉ ግን አየሁና እጃቸው ሳይደርስ እንደ እብድ፣ ሙሉ አፌን፣ "ነነዌ ነገ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

ከውጪ የሠንጋዎቹ ማመንዠክ ይሰማል። የተጠቀለለው ጉርሻ በፊታውራሪ እጅ ላይ ቀረ።

"ምን አልክ?"

"ነገ፣ ጌታዬ። ጥር አሥራ ዘጠኝ። ማክሰኞ ሁለተኛው የጾሙ ቀን ነው። ሥጋ… ሥጋ አይሆንም።"

"ተማሪህ ሃያ ስድስት ብሎኛል።"

"ተማሪዬ ሁለት ሽንብራ በልቷል፣ ጌታዬ።"

ይህ ንግግር እኔ ውስጥ ግልጽ ነበር። ሲወጣ ግን እንዴት እንደሚሰማ የገባኝ የሰዎቹን ፊት ሳይ ነው። ፊታውራሪ ቀስ ብለው ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሱ። ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ምሰሶው ዘረጉ፣ ጅራፉን አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "እኔ አምስት በሬ አዘጋጅቼ አገር ጠርቻለሁ" አሉ በዚያ ዝቅተኛ ድምፃቸው። "አባቴ በሞተበት ሕመም ታምሜ ስተኛ ለማርያም የተሳልኩት ስለት ነው። በጾም ሥጋ በልቼ፣ ድሃውንም አብልቼ ልኮነን ነበር ማለት ነው? በሽንብራ?"

ደግነቱ ምላሴ እንጂ ፈሪነቴ አልተያዘም። ጣቴ በራሱ ተነሥቶ በተከፈተው በር ወደ አጥሩ፣ ወደ ክንፉ አመለከተ። ከዚያ "ሚስቴ ናት የቆላችው፤ ጨውም ነበረበት" ብዬ ዘነበችንም አሳልፌ ሰጠሁ። ጥቂት ቆይተው ቢጠይቁኝ ሽንብራውን የዘራውን ገበሬም በጠራሁ ነበር።

"አሳየኝ" አሉ ፊታውራሪ። "በሽንብራ ከሆነ የጠፋው በሽንብራ አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ግን…" አላሟሉትም።

ቆሎ በሰፌድ መጣ። መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ክምሩ ይፈርስብኛል፤ ሽንብራው ከእጄ እያመለጠ ከገበታው ሥር ይንከባለላል፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለት የተለያየ ነገር አገኘሁ። ላቤ ሽንብራው ላይ ተንጠባጠበ። በስንት ዓመት የማስተማር ዕድሜዬ በተማሪዎቼ ፊት ያየሁት ያ ላብ ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ቁጥሩ አልከበደኝም፤ የሚያየኝ ሰው ዓይን ነው የከበደኝ።

ፊታውራሪ ትዕግሥታቸው አለቀ መሰለኝ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ከአልጋቸው ወርደው ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጅራፉንም ይዘውት ወረዱ። "ተወው፣ እኔ ልከምር። አንተ ንገረኝ" አሉ። ነገርኳቸው። ፀሐይ በዓመት ጨረቃን በአሥራ አንድ ቀን ትበልጣለች፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓመት አሥራ አንድ ሽንብራ። ከመሩ። የጨረቃ ወር በሠላሳ ይሞላል፤ ስለዚህ ሠላሳውን እናንሣ። አነሡ። የተረፈውን በወፍራም ጣታቸው እየገፉ ቆጠሩ። አሥራ አራት። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። አሥራ አራት። ከዚያ አሥራ አራቱን ከሠላሳ ላይ አነሡ፣ አሥራ ስድስት ቀረ፤ ሐሙስን ነገርኳቸው፣ ሦስቱን ጨመሩ።

"አሥራ ዘጠኝ" አሉ። ሽንብራውን ተመለከቱ። "በሕይወቴ ሙሉ ጾሜያለሁ" አሉ ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። "ከየት እንደሚመጣ ግን የነገረኝ ሰው የለም።"

በዚያች ቅጽበት ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ደስታ ሽው አለብኝ። ጥናቴ ተሳክቷል! የሽንብራው ብልኀት ጉልበቱ የታመመ ሽማግሌ ወታደርን በአንድ ጊዜ አስተማረ! ይህን ለክንፉ ልነግረው ዘወር ስል አጥሩ ባዶ ነበር። ክንፉ ዳገቱን ይዞ ሄዷል።

ፊታውራሪ ወደ ሰዎቻቸው ቀና አሉ። "ጥሪውን መልሱ። በየቤቱ ሂዱና ጾሙ ነገ ይገባል በሉ። ስለቴን ማክሰኞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሽሮና በአተር አገባለሁ፤ ድሃው እንደሆነ ለማርያም እንጂ ለሥጋ አይመጣም።" ሰዎቹ ተነሥተው ሮጡ። በየመንገዱ ያመሰገኑኝን ሰዎች ሁሉ በየተራ አሰብኳቸው። ያቺ በርበሬ ያሰጣች ሴት የምትለኝን አሁንም ባስበው እሸማቀቃለሁ።

"ፋሲካስ?" አሉ ፊታውራሪ ድንገት።

"ምን አሉኝ ጌታዬ?"

"ነነዌ ነገ ከሆነ ፋሲካ መቼ ነው? ከዚያው አይደል የሚቆጠረው?"

ከነነዌ ስድሳ ዘጠኝ ቀን መቁጠር ነው። ይህን ተኝቼም አውቀዋለሁ። ግን ጅራፉ አሁንም በጉልበታቸው ላይ ነው፤ እኔም የካቲትን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፣ መጋቢትን ዘለልኩት፣ ተመልሼ ያዝኩት። "መጋቢት ሃያ ስምንት" አልኩ። "እሑድ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ነበር።

"ደግ" አሉና ወደ አሽከራቸው ዞሩ። "በሬዎቹን እስከ መጋቢት ሃያ ስምንት ድረስ ቀልቧቸው። ያን ዕለት እንጥላለን።" እኔ እፎይ ብዬ፣ ሦስቴ እጅ ነሥቼ፣ ጀርባዬን ሳላዞር ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመርኩ።

"ቆይ" አሉ ፊታውራሪ። "ይህንንም ሰውዬ አብራችሁ አቆዩልኝ።"

አሽከሮቹ ከሠንጋዎቹ አጠገብ ለኔም ገለባ ጎዘጎዙልኝ። ያን ዕለት የሚጣለው አምስት ይሁን ስድስት ማንም አልነገረኝም።